የአባቴ የጡት ልጅ

እናቴ ያልወለደችው አንድ ወንድም አለኝ። ሰቆጣ ላይ «ሰውዬው» ከተባለ እሱ ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አያሻም። ባለ ሆቴሉ፣ ባለ መኪናው፣ ባለ ወፍጮው፣ በኋላ ደግሞ የተከበሩ የምክር ቤት አባል። እኔ ሳውቀው ግን የተከበረ አልነበረም፤ ፍየል ነጋዴ ነበር። ከአበርገሌ ቆላ የገዛቸውን ፍየሎች ገበያው ዳር አስሮ የእኔ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ይቀመጥና «እህቴ፣ ሽሮዋን ወፈር አድርጊያት» ይለኝ ነበር። ያኔ «እህቴ» የሚለኝ ለማንም እንደሚባለው ነው። አንድ ቀን እውነተኛ እህቱ እሆናለሁ ብሎ ማን አሰበ!

ጎበዝ ነጋዴ ነበር፤ ይህን አልክድም። ሰው ፍየል ላይ ሲራኮት እሱ ማር ይሰበስባል፤ ሰው ወደ ማሩ ሲዞር እሱ አይሱዙ ገዝቶ የሁሉንም ማር ይጭናል። ጦርነቱ መጥቶ ሲያልፍ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ባንክ ተዘግቶ፣ እህል ያለውም ሰው ማስፈጫ አጥቶ ንፍሮ ሲቆረጥም፣ ጄኔሬተር ከየት እንዳመጣ እንጃ፣ ወፍጮ የተከለልን እሱ ነው። የዚያን ቀን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እናቶች እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ሲመርቁት አይቻለሁ። እኔም መርቄዋለሁ። ዱቄቱ ገና ትኩስ ነበር፤ ከረጢቱን አቅፌው ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ምርቃት ግን ሰው ያሰክራል። ጥቂት ቆይቶ ለምክር ቤት ሊወዳደር ነው ተባለ። ከተማው የሱ ነበር፤ ችግሩ የአባቴ አገር ደሃና ነበር። ደሃና ላይ ቤቱ ሁሉ ተራራ ለተራራ የተበተነ ነው፤ መኪና ያለው ሰው ከእግረኛ እኩል የሚሆንበት አገር። ሰቆጣ ተወልዶ ያደገ፣ የአገሬው ቋንቋ ኽምጥኛውም የተሰባበረ፣ ከዚያ ወገን አንድ የሥጋ ዘመድ የሌለው ሰው እዚያ ወጥቶ «ምረጡኝ» ቢል፣ ጠላ ቀድተው ያስተናግዱትና ሲሄድ ይረሱታል። እሱ ደግሞ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ወደ አባቴ መጣ።

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ገብስና ማሽላ የሚያርሱ፣ ጥቂት ፍየል ያላቸው ሰው ነበሩ። ሀብታቸው ቃላቸው ነበር። ደም የተቃቡ ሰዎች ሲታረቁ መሀል የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። ወሰን የተጋፉ ሁለት ጎረቤቶች ፖሊስ ዘንድ ከመሄድ አንድ ሙሉ ቀን ተጉዘው እሳቸው ደጅ ይመጣሉ። ምስክር ጠፍቶ ነገር ሲጠላለፍ «እሳቸው ምን አሉ?» ይባላል፤ እሳቸው ያሉት ይሆናል። በልጅነቴ እንዴት እንደምኮራባቸው! ሰው ከብት ይቆጥራል፣ እኔ የአባቴን ቃል።

በዚያ ሰሞን ግን ቤታችን ባዶ ነበር። እናቴ ቀደም ብላ ሞታለች። አንዱ ወንድሜ፣ ያው ታናሼ፣ በጦርነቱ ሄዶ አልተመለሰም። መርዶውን ተቀብለን፣ ተዝካሩን አውጥተን፣ አባቴ ግን ከዚያ ወዲህ ምሳ ሲበሉ እንኳ በሩን በሩን እያዩ ነው። እኔ ሰቆጣ ከማድ ቤት አልወጣም፤ ሴት ልጅ ደግሞ ምን ብትሆን የወንድ ልጅን ቦታ አትሞላም የሚል አገር ነው። ይህንንም ሰውዬው ያውቃል። ነጋዴ አይደል? ሰው ምን እንደጎደለው ሳይጠይቅ ያውቃል።

በእኛ አገር ባዳ ዘመድ መሆን ሲፈልግ ጡት ይጣባል። አባት የሚሆነው አውራ ጣቱን ማር ያስነክራል፤ ልጅ የሚሆነው ተንበርክኮ ይጠባል። ቄስ ይቆማል፣ ሽማግሌ ያያል። ከዚያ ወዲያ ቀልድ የለም። በሁለቱ ቤት መሀል ጋብቻ ይከለከላል፣ ደም ይቀራል። ልጁ አባቱን ይጦራል፣ ሲሞት ይቀብራል። አባትም የልጁን ገመና ይሸፍናል፤ ልጁን በአደባባይ አይወቅስም፣ አይከስም። ይህች የመጨረሻዋ ነች የበላችን።

ከሰቆጣ ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ነጭ ማር በገንቦ አስይዞ መጣ። ተጠርቼ እኔም ነበርኩ። አባቴን ወደ ጓዳ ሳብ አደረግኋቸውና «አባባ፣ በሞቴ፣ ይህ ሰው ልጅ ሊሆን አይደለም የመጣው። ድምፅ ፈልጎ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«እያወቁ?»

«ልጄ፣ ሰው ለምን እንደመጣ ብናጣራ ኖሮ ማንም ከማንም አይታረቅም ነበር። በተንኮል መጥቶ በፍቅር የቀረ ስንት ሰው አይቻለሁ። ጣቴን ከጠባ ልጄ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የእሱና የእግዜር ነው።»

ምን እላለሁ? አፌ የማያርፍ ሴት ነኝ፣ የዚያን ቀን ግን ዓይናቸውን ሳይ አፌ ተያዘ። ዓይናቸው እየበራ ነበር። ሰውዬው ያን ውድ ሱፍ ለብሶ ከምድጃው አመድ ላይ ተንበረከከ። ጠባ። አባቴ ግንባሩን ሳሙትና አለቀሱ፤ ለታናሼ ሞት ያላለቀሱትን ያህል አለቀሱ። ወጥቼ ከደጅ ቆምኩ፤ ተናድጄ ነበር፣ ቀንቼም ነበር። እኔ እዚህ ቆሜ ለእሳቸው ልጅነት አላንስም ነበር እኮ!

ምርጫው ሲደርስ ደሃና ላይ የሆነውን መናገር አያስፈልግም። የእሳቸውን ልጅ ማን ይገፋል? ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ መረጠው።

ደግሞ አልዋሽም፣ መጀመሪያ ላይ ልጅ ሆኖ ነበር። ለፋሲካ በግ ይዞ መጥቶ ጉልበታቸውን ስሟል። ከሁሉ በላይ ውሃ አመጣ። የእኛ መንደር ሴቶች ውሃ የሚቀዱት ከገደሉ ሥር ነው፤ ጄሪካን በጀርባ አዝለው ድንጋይ እየቧጠጡ የሚወጡት መንገድ ነው፣ የእናቴንም ወገብ የሰበረው እሱ ነው። ሰውዬው ጉድጓድ አስቆፈረ፣ ሞተር አስተከለ፣ ከጉብታው ላይ ትልቅ ጥቁር ሮቶ አስቀመጠ። ካሜራ ይዘው መጥተው ሪባን ተቆረጠ፤ ይሁን፣ ውሃው ግን ፈሰሰ። አባቴ ቧንቧው ሥር ቆመው ለሚቀዱት ሴቶች ሁሉ «ልጄ ነው ያመጣው፣ ጠጡ፣ ልጄ ነው» ሲሉ አየሁ። እኔም «እሰይ፣ እኔ ነኝ ክፉ» አልኩ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ማለት ይኸው ነው።

ሞተሩ ክረምት ካለፈ በኋላ ዝም አለ። ምን እንደነካው የሚያውቅ ሰው መንደሩ ውስጥ የለም። ለሰውዬው ስልክ ተደወለ፤ «እየተነጋገርንበት ነው» አለ። ድጋሚ ተደወለ፤ «በጀት ውስጥ ገብቷል» አለ። ከዚያ የሚያነሳው ሌላ ሰው ሆነ። ሴቶቹ ያን የረሱትን ገደል መልሰው ወረዱት። በዚያ ላይ ዝናቡ ቀረ። ማሽላው ፍሬ ሳይዝ ደረቀ፣ ፍየሎቹ ከሲታ ሆነው እየተንገዳገዱ ወደቁ። ገደሉ ሥር ያለውም ምንጭ ቀጥኖ ሰው ወረፋ ለመያዝ ጎህ ሳይቀድ መውረድ ጀመረ።

ሌላው መንደር ዝም አላለም። ሽማግሌ ልኮ ወረዳውን አጨናነቀ፣ ዞኑ በር ላይ ተቀምጦ ጮኸ። አንዳንዱም በቦቴ መኪና ውሃ አስመጣ። የእኛ መንደር ግን ዝም አለ። ሰው ሁሉ አባቴን ያያል፤ አባቴ ደግሞ ልጃቸውን አይከሱም። ከወረዳው የመጡ ሰዎች «እዚህስ ውሃ እንዴት ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሰዉ አንገቱን ወደ አባቴ ያዞራል፣ እሳቸውም «ልጄ ያውቀዋል፤ ይሠራዋል» ይላሉ። የእሳቸው ቃል ወድቆ አያውቅማ! ሰዉ አመናቸው። ሰዎቹም «እዚህ ደህና ነው» ብለው ወደሚቀጥለው ተራራ ያልፋሉ።

«አባባ፣ ኧረ በማርያም፣ ይናገሩ!» እላቸው ነበር በስልክ።

«እነግረዋለሁ፤ ለብቻው ሳገኘው እነግረዋለሁ።»

«የሚያገኙት መቼ ነው?»

«ልጅ አይደለም እንዴ? ይመጣል።»

አልመጣም፤ አስጠራቸው እንጂ። ሰቆጣ አዳራሹ ውስጥ ትልቅ ስብሰባ ሊደረግ ነው፣ ከላይ እንግዶች መጥተዋል፣ ሕዝቡ ስለ ድርቁ ይናገራል ተባለ። ሰውዬው መኪና ልኮ አባቴን አስመጣ። እኔ ዘንድ ገብተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ፊታቸውን ታጠቡ። ደስ ብሏቸው ነበር። «አየሽ? ሊጠይቀኝ ነው። ለብቻችን ስንሆን ስለ ሞተሩ እነግረዋለሁ» አሉኝ። ምን ብዬ ላስጠንቅቃቸው? እኔም በትንሹ ተስፋ አድርጌ ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ብዙ ሰው ተናገረ፤ ሰውዬው መድረክ ላይ ሆኖ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይሰማል። ከዚያ ከመሀል አንድ ሰው ተነሳ፤ የእኛ ጎረቤት ናቸው፣ የአባቴ የማኅበር ጓደኛ። ከደሃና ድረስ በእግራቸው ነው የመጡት። አማርኛ ሲናገሩ ይቸገራሉ፣ ግን ተናገሩ። ሞተሩ ከቆመ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ሴቶቻችን ገደል እየወረዱ ነው፣ እርጉዞቹ ሳይቀሩ፣ «እኛ አፍረን ዝም ብለን ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን አንችልም» አሉ። አዳራሹ ጉም ጉም አለ። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንደኛው ወደ ሰውዬው ዞሮ የሆነ ነገር ጠየቀው።

ሰውዬው አልደነገጠም። ፈገግ ብሎ ማይክራፎኑን ይዞ ከመድረክ ወረደ። ፊት ለፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት አባቴ ዘንድ ሄዶ፣ ሁሉ እያየ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ይኸውላችሁ» አለ፤ «እኚህ አባቴ ናቸው። የዚያው መንደር ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ከአፋቸው ውሸት ወጥቶ አያውቅም። እሳቸው ይመስክሩ። አባባ፣ እኔ ልጅዎ እናንተን ረስቻለሁ?»

ማይክራፎኑን አፋቸው ላይ ደቀነው።

ወይ የዚያች ሰዓት ርዝመት! አባቴ ጎረቤታቸውን አዩ፤ ጎረቤታቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ልጃቸውን አዩ። አባት ልጁን በአደባባይ እንዴት ያዋርዳል? ስንት ሰው ለዚህ ሲቀጡ የኖሩ እሳቸው!

«ልጄ... አልረሳንም» አሉ።

ጭብጨባው አዳራሹን ገነጠለው። እኔ ከኋላ ሆኜ «ሞተሩስ? ሞተሩስ አባባ?» ብዬ ጮህኩ፤ ማን ይስማኝ! ጎረቤታችን ጥቂት ቆመው ቀሩና ቀስ ብለው ተቀመጡ። ስብሰባው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ። ሲያልቅም ሰውዬው እንግዶቹን ይዞ ወደ ሆቴሉ ሄደ። አባቴ በሩ ላይ ሲጠብቁት «አባባ፣ ነገ ቁጭ ብለን እንጫወታለን» ብሏቸው መኪናው ውስጥ ገባ። በማግስቱ አዲስ አበባ ሄደ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ላይ ተሾመ፤ «ሕዝቡን ያረጋጋ» ብለው አመሰገኑት።

አባቴ ወደ ደሃና ሲመለሱ መኪና የላከላቸው የለም። አህያ ይዘው ከሚመለሱ ገበያተኞች ጋር ሄዱ።

ከዚያ ሳምንታት አልፈው አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለልኝ። የጎረቤታችን፣ የእኚያ አዳራሹ ውስጥ የተናገሩት ሰው ልጅ፣ ገደሉ ላይ ወደቀች። ያገባች፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ልጅ ነች። ጄሪካኗን ሞልታ አዝላ ስትወጣ ድንጋዩ ከእግሯ ሥር ተንከባለለ። ሥሩ የነበሩት ሴቶች ጄሪካኗ ቀድሟት ሲወርድ አይተው ነው ቀና ያሉት። እኔ ያቺን ልጅ ሕፃን ሆና አዝያታለሁ። ምግብ ቤቴን ዘግቼ ሄድኩ።

ቀብሩ ላይ አባቴ አጠገቤ ቆመው ነበር። ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ጎረቤታችን ደጅ ተቀመጠ። እንደ አገሩ ወግ እህል ውሃ ከመቅረቡ በፊት አንድ ሽማግሌ ተነስቶ ያጽናናል፤ «እግዜር ያጽናችሁ፣ ሞት ያለ ነው» ይላል፣ ሟችን ይመርቃል፣ ቤተሰቡን ዝም ያሰኛል። በዚያ መንደር ይህን የሚያደርጉት ሁልጊዜ አባቴ ናቸው። ሰው ሌላ ሰው አያስብም። አባቴ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

የሟች አባት ራሳቸውን ከጉልበታቸው አነሱ። ድምፃቸው አልጮኸም። በኽምጥኛ ነው የተናገሩት፣ ግን ሁሉም ሰማ።

«እርስዎ ይቀመጡ። ልጅዎ ይምጣና ያጽናናን።»

ማንም «ኧረ እንደው» አላለም። ማንም አልገላገለም። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ገላጋይ ሆነው የኖሩ ሰው፣ ለእሳቸው የሚገላግል አንድ ሰው ጠፋ። አባቴ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ወደ ቦታቸው አልተመለሱም፣ እዚያው በቆሙበት፣ አፈር ላይ ተቀመጡ። ሌላ ሽማግሌ ተነስቶ አጽናና።

ወደ ቤት ስንመለስ ውስጤ እየነደደ ነበር። ጎረቤታችንን አልጠላሁም፤ ምን በደሉ? ልጃቸውን ነው የቀበሩት። ያንን ሰውዬ ግን ባገኘው በጥርሴ እዘነጥለው ነበር። መንገዱ ላይ አባቴን ያዝኩና «ይርገሙት!» አልኳቸው። «አባባ፣ አሁኑኑ ይርገሙት! ጣትዎን ጠብቷል፤ የአባት እርግማን ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። ገንዘቡም ወንበሩም አያድነውም። ይርገሙት!»

አባቴ ቆሙ። ወደ ሰማይ ቀና ሲሉ ሳይ አሁን ሊረግሙት ነው ብዬ ነጠላዬን ከራሴ ላይ አወረድኩ። እጃቸውን ግን አላነሱም።

«እርግማን የሚደርሰው በልጅ ነው» አሉኝ። «በባዳ አይደርስም።»

«ጡት ጠብቶ የለም እንዴ?»

«ጠብቷል። ልጅ አልሆነም።» ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ልጄ ነው ብዬ ነው ገመናውን የሸፈንኩት። ልጄ ቢሆን ኖሮ ያልኩት የአባት ነገር ነበር፤ እግዜርም ያውቅልኝ ነበር። ባዳ ከሆነ ግን ልጄ፣ በሐሰት ነው የመሰከርኩት። ያውም በዚያች ልጅ ላይ።»

«አባባ፣ እንዲህ አይበሉ...»

«እኔ ስንት ሰው ነው በሐሰት መስክረሃል ብዬ ያስወገዝኩት?» አሉ።

ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤት ወሰድኳቸው። እስከሞቱ ድረስ ለእርቅ የጠራቸው ሰው አልነበረም። አንድ ጊዜ ብቻ ከጎረቤት ወረዳ ከጋዝጊብላ፣ ነገሩን ያልሰሙ ሁለት ወንድማማቾች ወሰን ተጣልተው ደጃቸው መጡ። አባቴ እንኳን ደህና መጣችሁ ብለው ጠላ አስቀዱላቸውና «የምታምኑት ሰው ፈልጉ» ብለው ሸኟቸው።